ሁለት ልጆችን ቤት ለማስተማር፦ የቨርጂኒያው ወረቀት፣ የፊደሉ ነገርና የእናትየው ጸሎት

እናት ከፌርፋክስ ጠየቀች፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ከሚመጣው የትምህርት ዘመን ጀምሮ ሁለቱን ልጆች ከትምህርት ቤት አስወጥተን ሆም ስኩል ልናደርግ ነው። ትልቁ አምስተኛ ክፍል ይገባል፣ እህቱ ሁለተኛ። እግር በእግር የሚከተል የሦስት ዓመት ሕፃንም አለ። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። ኦርቶዶክሳውያን ነን።

ለካውንቲው የሚገባው ምንድን ነው? በእጄ ያለው ከአገር ቤት ያመጣሁት የ12ኛ ክፍል ወረቀት ነው፤ ይበቃ ይሆን? ደግሞ ልጆቹ ሀሁን በዜማ ያወርዱታል፣ ከመሐል አንድ ፊደል ነጥዬ ሳሳያቸው ግን ዝም። ግዕዝ ንባብም እንዲያዩ እፈልጋለሁ፤ ከሒሳቡና ከእንግሊዝኛው ጋር እንዴት ይሄዳል? «ክርስቲያን ካሪኩለም» እየተባለ የሚሸጠውስ ለእኛ ይሆናል?

የመጨረሻዋን ለእናቶች ነው የምጠይቀው። እስከ ዛሬ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ውዳሴ ማርያሜንና ዳዊቴን የማደርስበት ጸጥታ ነበረኝ። አሁን እሱ ሰዓት ሊጠፋ ነው። በዐቢይ ጾምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ ማስተማር እንዴት ይቻላል?

ወረቀት አዋቂ መለሰ፦

እህቴ፣ ወረቀቱ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ሰው ግን ከሁሉ አብዝቶ የሚፈራው እሱን ነው። «ኖቲስ ኦፍ ኢንቴንት» የሚሉትን ማሳወቂያ እስከ ኦገስት 15 ታስገቢያለሽ። የሚገባው ለልጆቹ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሳይሆን ለካውንቲው ሱፐርኢንቴንደንት፣ ማለትም ለትምህርት ቤቶቹ ሁሉ የበላይ ኃላፊ፣ ቢሮ ነው። ለትምህርት ቤቱ ልጆቹ መውጣታቸውን የሚገልጽ ሌላ አጭር ደብዳቤ ትጽፊያለሽ። ይሄን ሁለተኛውን የዘለለ ሰው ልጁ በስም ጥሪ ላይ እየቀረ ሲመዘገብ ይቆይና የቀሪ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል።

ከማሳወቂያው ጋር ሁለት ነገር ይያያዛል። አንደኛው በዓመቱ የሚማሩት የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ነው። ሕጉ የሚጠይቀው የስም ዝርዝር ብቻ ነው፦ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይንስ፣ ታሪክ፣ አማርኛ፣ በቃ። የመጽሐፍ ርእስ፣ የሰዓት ድልድል፣ የትምህርት ዕቅድ አትላኪ፤ ያልተጠየቀ ወረቀት ያልታሰበ ጥያቄ ይወልዳል። ሁለተኛው የወላጅ ብቃት ነው። ሕጉ አራት በር ከፍቷል፦ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ወይም ከዚያ በላይ፣ የመምህርነት ብቃት፣ በርቀት የሚሰጥ የትምህርት ፕሮግራም፣ ወይም ማስተማር እንደምትችዪ የሚያሳይ ማስረጃ። አንቺ በመጀመሪያው በር ግቢ። የ12ኛ ክፍሉ ወረቀት በእንግሊዝኛ የወጣ ከሆነ ቅጂውን፣ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ከትርጉሙ ጋር አያይዢ። ዲግሪ ካለሽ ግን እሱን ላኪ፣ ጥያቄ አያስነሳም።

የእኛ ሰዎች የሚደናቀፉበት ሌላ ቦታ ስም ነው። በአንቺ ወረቀት ላይ ያለው የአባትሽ ስም ነው፣ በልጆቹ ላይ ያለው የአባታቸው ወይም የአያታቸው። ዜግነት ሲወሰድ ስም የቀየረም አለ። ቢሮው ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ይሄን አታውቅም፤ በደብዳቤው ላይ ሁለቱንም ስም በአንድ መስመር ጽፈሽ የልጆቹ እናት መሆንሽን ግለጪ፣ ስም ከቀየርሽ የለውጡን ማስረጃ ጨምሪ። በኢሜይል ወይም በሪኮማንዴ ላኪና የደረሰኙን ቅጂ አስቀምጪ።

ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ እስከ ኦገስት 1 የእድገት ማስረጃ ታቀርቢያለሽ። መንገዱ ሁለት ነው፦ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመዘነ ፈተና ወይም ፈቃድ ባለው መምህር፣ አለዚያም ማስተርስና ከዚያ በላይ ባለው ሰው የተጻፈ ግምገማ። በፈተናው አራተኛው ስታናይን ላይ መድረስ አለባቸው። ስታናይን ተፈታኙን በዘጠኝ እርከን የሚከፍል ነው፣ አራተኛው ከ23ኛው ፐርሰንታይል ይጀምራል። ማለትም ከመቶ ተፈታኝ ወደ ሰባ ሰባቱ ቢበልጡትም ልጅሽ አልፏል። የሚታየውም ድምር ውጤቱ ነው። ቢወድቅ እንኳ ወዲያው አይዘጋም፤ የማሻሻያ ዕቅድ ይቀርብና ለአንድ ዓመት በክትትል ይቀጥላል። የሚበላሸው ፈተናውን ጁላይ ላይ ማዘዝ ነው፤ ውጤቱ ሳይደርስ ኦገስት 1 ያልፋል። የትንሿ ልጅ የእንግሊዝኛ ንባብ ገና ከሆነ ከፈተና ይልቅ ግምገማው ይሻላታል።

«የሃይማኖት ነፃነት» በሚባለው አንቀጽ ግቡ የሚሏችሁን አትስሙ። እሱ ትምህርት ቤት መግባት ከእምነቴ ጋር ይጋጫል ለሚል ሰው ነው፤ ውሳኔውም የትምህርት ቦርዱ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት መላክን አልከለከለች፣ ታዲያ በምን አፍ ነው የሚፈረመው?

ወደ ሜሪላንድ ብትሻገሩ ይሄ ሁሉ ይለወጣል፦ ከመጀመርሽ 15 ቀን በፊት ማሳወቅ፣ ስምንት የትምህርት ዓይነት፣ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ የሚታይ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የልጁ ሥራ የተሰበሰበበት ማኅደር። ፈተናውን ለምዶ የሄደ ሰው የልጁን የሥራ ወረቀት ሳያስቀምጥ ይያዛል።

የኔታ ደጅ መለሰ፦

ዜማው ስለቀደመ ነው። ልጁ ሀ ሁ ሂ ሲል የሚከተለው ድምፁን እንጂ ቅርጹን አይደለም። የድሮዎቹ ይሄን አውቀው ነው ከፊደሉ ቀጥሎ አቡጊዳን ያስቀመጡት፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ ከየፊደሉ ቤት (ከሀ እስከ ሆ አንድ ቤት ነው) አንድ አንድ እየነጠቀ ስለሚሄድ ዜማው አያድንም፣ ዓይን የግድ ማየት አለበት። ስለዚህ ሀሁውን ለጊዜው ተዉትና በዚህ መንገድ ሂዱ።

በመጀመሪያ ግዕዙን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ረድፍ ብቻ ያስለዩ። 33 ናቸው፣ ግን 33 ሥራ አይደሉም። ሸ ከሰ፣ ቸ ከተ፣ ኘ ከነ፣ ኸ ከከ፣ ዠ ከዘ፣ ጀ ከደ፣ ጨ ከጠ የወጡ ስለሆኑ እናቲቱን የለየ ልጅ ልጅቱን በምልክቷ ይለያታል። የሚቀሩት 26 ናቸው። በቀን ሁለት አዲስ ካርድና አሥራ አምስት ያህል የቆየ ካርድ ተደባልቆ ይታያል፤ ከ15 ደቂቃ አይለፍ። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ሁለተኛ ዙር ላይ ይምጡ፤ በአንድ ቀን ጎን ለጎን ካስቀመጧቸው ሁለቱም ይጠፋሉ።

ቀጥሎ እርባታው በቅርጽ ነው የሚያዘው። ካዕብ በስተቀኝ ወገቡ ላይ ጭረት ያወጣል፦ ቡ፣ ሉ፣ ሙ። ሣልስ ያችኑ ጭረት ወደ እግሩ ያወርዳታል፦ ቢ፣ ሊ። ራብዕ ቀኝ እግሩን ያረዝማል፦ ባ፣ ላ። ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፦ ቤ፣ ሌ። እስከዚህ ድረስ ልጅ በራሱ ይገምታል፣ ደስም ይለዋል። ሳድስና ሳብዕ (ብ፣ ቦ) ግን ሕግ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ እነሱን እንደ አዲስ ፊደል በካርድ አስጠኑ። ረ እና ፈም ካዕባቸው ላይ ከመስመር ስለሚወጡ ለብቻ ይታዩ። በሳምንት ሁለት ቤት ከሄዱ 33ቱ በ17 ሳምንት ያልቃሉ። ትልቁ ይቀድማል፤ አስቁሙትና ታናሹን ያስቀጥላት፣ በማስቀጠል የራሱ ይጸናል።

የግዕዙ መንገድ ከድሮው አይለወጥ፦ ፊደል፣ አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ በቁጥር፣ ቀጥሎ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ፣ በቁም፤ ዳዊት ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥሩን፣ ማለትም ፊደል በፊደል ማንበቡን፣ እናት ቤት ውስጥ ታስኬደዋለች። ከውርድ ንባብ ጀምሮ ግን ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ የሚባለው የንባብ ስልት ስለሚገባ በግምት አታስተምሪ። የተበላሸ ንባብ ከማረም አዲስ ማስተማር ይቀላል፣ የኔታዎች ሁሉ የሚሉት ነው። በአጥቢያሽ ያሉ መሪጌታ በሳምንት አንድ ጊዜ 30 ደቂቃ በስልክም ቢያሰሙት ይበቃል፤ በመሐል ያሉትን ቀናት ልጁ የተሰጠውን ይከልሳል።

የአማርኛ ንባብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። ውጭ ያደገ ልጅ «አለ» የሚለውን ሁሌ በአንድ መንገድ ነው የሚያነበው። አዲስ ምንባብ ሲሰጥ እናት አንድ ጊዜ ጮክ ብላ ታንብብ፣ ልጁ ይከተል፣ ከዚያ ብቻውን።

ዳላስ ያለች መለሰች፦

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ካሪኩለሙን በተመለከተ ግን ለኦርቶዶክስ እህቴ እውነቱን ልንገራት። «ክርስቲያን» ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ የአሜሪካ ፕሮቴስታንቶች ለራሳቸው ያዘጋጇቸው ናቸው። መጽሐፍ ቅዱሱ 66 ነው፣ የእናንተ 81። ቁርባኑ መታሰቢያ ብቻ ተብሎ ይቀርባል፣ ስለ ቅዱሳን ምንም የለም፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪኩም ከሐዋርያት ዘሎ ሉተር ላይ ያርፋል፣ አክሱም የለችም። ሒሳብና የእንግሊዝኛ ሰዋስው ግዢ፣ እነሱ ሃይማኖት የላቸውም። ሃይማኖቱን ከሰንበት ትምህርት ቤታችሁ መማሪያ አስተምሪ። የሳይንስና የታሪክ መጽሐፍ ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ ማውጫውን አንብቢ፤ ብዙዎቹ የምድርን ዕድሜ በተመለከተ አቋም ይዘው ነው የተጻፉት፣ አንቺ የምትስማሚበት ይሁን አይሁን ቀድመሽ እወቂ።

በክፍል ቁጥር አትግዢ። አሳታሚዎቹ በነፃ የሚሰጡት የደረጃ መለያ ፈተና አለ፣ ልጁ የሚያርፍበትን ይነግርሻል። አምስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ማካፈልና ክፍልፋይ ላይ ክፍተት ኖሮት አራተኛ ላይ ቢያርፍ አትደንግጪ። አሮጌ ስትገዢ የመምህሩ መጽሐፍና የልጁ ደብተር እትም አንድ መሆኑን አይተሽ ነው፤ እትሙ ከተለያየ ገጽና መልስ አይገጥምም፣ ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው።

አሁን ቀኑ፤ ሰዓቱን በአበሻ ነው የምጽፈው። የሚወድቁት ሰዎች የትምህርት ቤቱን ሰባት ሰዓት ቤት ውስጥ ሊደግሙት የሚሞክሩት ናቸው። 25 ልጅ አሰልፎ ከክፍል ክፍል ማዘዋወር የለብሽም። ለሁለተኛ ክፍል የሁለት ሰዓት ያህል ትምህርት ይበቃል፣ ለአምስተኛ ሦስት ተኩል። በየክፍላቸው የሚለያዩት ሒሳብና እንግሊዝኛ ብቻ ይሁኑ። ሳይንስ፣ ታሪክ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ለሁለቱም ባንድ ላይ ነው፤ ሁሉን ለየብቻ ያስተማረች እናት ገና ልደት ሳይደርስ ድምጿ ይዘጋል።

ባለቤትሽ ጠዋት ሲገባ እስኪተኛ ያለችውን ሰዓት ለሚጮኸው ነገር አውዪው፦ የቤተሰብ ጸሎት፣ ፊደል፣ ንባብ፣ መዝሙር። እሱ ሲተኛ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ዝምታ የሚፈልገውን አስገቢ። ከሒሳቡ በፊት ለሕፃኑ 15 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ስጪው፤ ጠግቦ ካልጀመረ ትምህርቱን አያስኬድሽም። በሒሳብ ሰዓት ብቻ የሚከፈት ሣጥን ይኑረው፦ የፕላስቲክ ዕቃ ከነክዳኑ፣ ትልልቅ ብሎኮች፣ ወፍራም እርሳስ። ሽምብራና ባቄላ አታስገቢ፣ ያንቃል። በየሳምንቱ ዕቃውን ቀይሪ፣ አለዚያ ሣጥኑ ጉልበቱን ያጣል። ታናሿን ፎኒክስ (የእንግሊዝኛ ፊደልን ከድምፁ እያገናኙ ማንበብ) 20 ደቂቃ ስታስነብቢ ትልቁ ብቻውን የሚጽፈውን ይጽፋል፤ እሱን ሒሳብ ስታስረጂ እሷ የእጅ ጽሕፈት ትሠራለች። ስድስት ሰዓት ላይ ደብተር ይዘጋ፤ ያላለቀው ለነገ ያድራል።

ቴክሳስ ለመንግሥት ማሳወቅ የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ ወረቀቱን ለቨርጂኒያዎቹ ትቻለሁ።

ሙኒክ ያለሁ መለሰ፦

ይሄን የምታነቡ ጀርመን ያላችሁ፣ እንዳትሞክሩት። እዚህ ልጅ ትምህርት ቤት ሕንፃ ውስጥ መገኘት ግዴታው ነው፣ የእምነት ምክንያት አያስቀርም። በፈረንጅ 2019 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ ጀርመን ልጆቹን ለጊዜው ከወላጆቻቸው መውሰዷ የቤተሰብን ሕይወት መብት አልጣሰም ብሎ ወስኗል። ስዊድንም ከፈረንጅ 2010ሩ ሕግ ወዲህ ለየት ላለ ምክንያት ካልሆነ አትፈቅድም። አሜሪካ ካለ ዘመድ ሰምቶ ልጁን የሚያስቀር ሰው እንዳይኖር ነው።

የሦስት ልጆች እናት መለሰች፦

የራስሽን ጸሎት የት ታስገቢዋለሽ ላልሽው፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ከልጆች ጋር የሚደረገው ጸሎት የአንቺ ጸሎት አይደለም። እዚያ ላይ ዓይንሽ የትንሹ እጅ ላይ፣ ጆሮሽ የትልቁ አነባበብ ላይ ነው። እሱ ማስተማር ነው፣ ዋጋውም ብዙ ነው፤ ግን «ከልጆቹ ጋር ጸልያለሁ» ብላ የራሷን የተወች እናት በጥር ወር ባዶ ሆና ትገኛለች።

የልጆቹ አጭር ይሁን። አቡነ ዘበሰማያት፣ እመቤታችንን ሰላምታ፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ከውዳሴ ማርያም የዕለቱ ክፍል፣ አንድ መዝሙር። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለች ስለሆነች ሳምንቱን በሱ ይለያሉ። የቆመ ልጅ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጸሎት የሚሰለች ነገር መሆኑን ነው የሚማረው። ጥፋት ያጠፋን ልጅ «ሂድ ዳዊት ድገም» ወይም «ስገድ» ማለት ክልክል ይሁን። በጮኽሽበት አፍም ወዲያው ጸሎት አታስጀምሪ፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 5 መባህን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ይላል፣ ያ ለእናትም ነው። ይቅርታ ጠይቂያቸው፣ ከዚያ ቁሙ።

የአንቺን በሁለት ቦታ ክፈዪው። ነግህን፣ የጠዋቱን ጸሎት፣ ልጆቹ ሳይነሱ፣ ከ12 ሰዓት በፊት። የቀረውን ደግሞ ከምሳ በኋላ በጸጥታ ሰዓት። የጸጥታ ሰዓት ማለት ሕፃኑ ይተኛል፣ ሁለቱ በየአልጋቸው መጽሐፍ ይይዛሉ፣ 45 ደቂቃ ማንም አይነሳም። ሳምንት ያጉረመርማሉ፣ ከዚያ ይለምዱታል። የሚያበላሸው ልጆቹ ሳይሆኑ ድስቱ ነው፤ «እስቲ ይሄን ዕቃ ልጠብና» ያልሽ ቀን ሰዓቱ አለቀ።

ዳዊትን በየዕለቱ ሥርዓት ታደርሺ ከነበረ፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ የሚሄደው፣ በዚህ ዓመት ላይሞላልሽ ይችላል። ንጉሥ በንጉሥ አድርጊው። አንድ ንጉሥ አሥር መዝሙር ነው፣ 150ው በ15 ቀን ያልቃል፣ በወር ሁለት ጊዜ ደገምሽ ማለት ነው። ይሄንም ቢሆን ለንስሐ አባትሽ ነግረሽ በእሳቸው ፈቃድ ይሁን፤ በራስሽ የቀነስሽው ሲቆጭሽ ይኖራል፣ የተፈቀደልሽ ግን ዕረፍት ነው።

ጾሙ ላይ፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም እናት የሚከዳት ጉልበት ብቻ አይደለም፣ ውኃ ስለሌለ ድምፅም ነው። ሒሳብና እንግሊዝኛ እስከ አምስት ሰዓት ይለቁ። ከሰዓት በኋላ ጮክ ብሎ የማንበቡን ሥራ ትልቁ ይውሰደው። ሰባት ዓመት የሞላቸው በንስሐ አባት ምክር ቀስ እያሉ ይግቡ፤ በመጀመሪያ ከጥሉላት መከልከል፣ ሰዓቱ ቆይቶ ይጨመራል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ከሆነች አስቀድማ ትጠይቅ። ሆም ስኩል አንድ የሚያስደስት ትርፍ አለው፦ 12 ሚካኤል ወይም 21 ማርያም በሥራ ቀን ቢውል አጥቢያው ከቀደሰ ልጆቹን ይዞ ማስቀደስ ይቻላል፣ ፈቃድ የሚጠየቅ የለም።

እናት ከፌርፋክስ መለሰች፦

እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። አንዲት ብቻ ልጨምር፦ ፈተናውን በጾም ውስጥ ላለማድረግ በእኛ አቆጣጠር የ2019 ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ ካሁኑ እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

የኔታ ደጅ መለሰ፦

ለትልቁ ስጪው፣ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። መደመር፣ ማባዛት፣ ማካፈልና ቀሪ ብቻ። ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ የሚባሉት በስሌቱ ለሚገኙት ቁጥሮች የተሰጡ ስሞች ናቸው።

5500 ሲደመር 2019፣ 7519 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ሲካፈል ቀሪው 14 ነው። አንድ ይቀነስ፣ 13፤ ይሄ ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 143፣ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) 23፤ አበቅቴ። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 247፣ በ30 ሲገደፍ 7፤ መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ነው፤ ካልመጣ ማባዛቱ ላይ ተሳስቷል፣ ይመለስ።

መጥቅዕ ከ14 ካነሰ በጥቅምት፣ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል። የ2019ኙ 7 ስለሆነ ጥቅምት 7 ነው። የ2019 መስከረም 1 ዓርብ ስለሆነ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ይውላል። የዕለቱ ተውሳክ፣ ማለትም ጭማሪ፣ ለቅዳሜ 8፣ ለእሑድ 7፣ ለሰኞ 6፣ ለማክሰኞ 5፣ ለረቡዕ 4፣ ለሐሙስ 3፣ ለዓርብ 2 ነው። 7 ሲደመር 8፣ 15፤ መባጃ ሐመር። መጥቅዕ በጥቅምት ስለዋለ ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ይገባል። 14 ሲጨመር ዐቢይ ጾም የካቲት 29፣ በፈረንጅ ማርች 8፤ ከነነዌ 69 ቀን ሲቆጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 24፣ ሜይ 2።

ፈተናውን ከሜይ አጋማሽ በኋላ አድርጊው፣ ለኦገስት 1 ጊዜ ይተርፋል። ልጁ ሲያሰላ ነነዌና ዐቢይ ጾም ሰኞ፣ ትንሣኤ እሑድ ላይ ካልዋሉለት ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ ተውሳኩ ላይ ነው፤ የመጥቅዕን ዕለት በጣቱ እንደገና ይቁጠር።